ስለ «ዲስተል» የጻፋችሁት ግማሹን ታሪክ ነው

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

በኪነ ጥበብ ገጻችሁ ስለ መድረክና ስለ ፖለቲካ ቀልድ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። በአማርኛ ጋዜጣ ስለ ካባሬት፣ በፖለቲካ ላይ በቀልድና በዘፈን ስለሚሳለቅ መድረክ፣ ሲጻፍ ብዙም አላየሁምና በመጀመሪያ ደስ አለኝ። ስለ ምሥራቅ በርሊኑ ካባሬት ስለ «ዲስተል» የምታወራው አንቀጽ ላይ ስደርስ ግን ደስታዬ ቀነሰ። ጸሐፊው ቤቱ ከበርሊን ግንብ በኋላ የተከፈተ ነው ይላሉ። የምሥራቅ ጀርመን ገዢ ፓርቲ ሕዝቡ እንዲተነፍስ ብሎ አቋቋመው፣ ተዋንያኑም የፓርቲው ደመወዝተኞች ነበሩ ይላሉ። ከዚያ ወደ ሌላ አገር ያልፋሉ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የባቡር መሐንዲስ ነኝ። የምኖረው ድሬዳዋ ነው። የተማርኩት በ1980ዎቹ በድሬስደን፣ በፍሪድሪሽ ሊስት የትራንስፖርት ከፍተኛ ትምህርት ቤት ነው። ለተግባር ልምምድ በርሊን ተልኬ በነበረበት ጊዜ ዲስተል ገብቼ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህም ስለዚህ ቤት ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ኖሬአለሁ። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ዓመቱ ይስተካከል። ዲስተል የተከፈተው ኦክቶበር 2 ቀን 1953 ነው። ግንቡ የተሠራው በኦገስት 1961 ነው። ስምንት ዓመት ያህል ልዩነት አለ። ይህ የቁጥር ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ቤቱ ለምን እንደተከፈተ የሚገባው ግን ዓመቱን ለሚያውቅ ሰው ነው።

በ1953 ሰኔ ወር ላይ በምሥራቅ በርሊን የስታሊን ጎዳናን ይሠሩ የነበሩ የግንባታ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። መንግሥት የሥራውን ኮታ አሥር በመቶ ከፍ አድርጎባቸው ነበር። ለዚያው ደመወዝ የበለጠ ሥሩ ማለት ነው። በማግስቱ፣ ጁን 17፣ ተቃውሞው በመቶዎች ወደሚቆጠሩ ከተሞችና መንደሮች ተዛመተ። የሶቪየት ታንኮች ወጡ፣ ሰው ሞተ፣ ብዙ ሰው ታሰረ። ፓርቲው በሠራተኛው ስም የሚገዛ ፓርቲ ነበር። የተነሱበት ደግሞ ሠራተኞቹ ናቸው። ደነገጠ። በአንድ እጁ እያሰረ በሌላው ትንሽ ትንሽ ላላ ማለት ጀመረ። የምሥራቅ በርሊን ከተማ አስተዳደር ካባሬት የከፈተው ታንኮቹ ከወጡ አራት ወር ሳይሞላ ነው።

ሌላም ምክንያት ነበረ፤ እሱን ጽሑፋችሁ ጨርሶ አላነሳውም። ምዕራብ በርሊን ውስጥ ከ1949 ጀምሮ «ሽታኸልሽቫይነ» የሚባል ካባሬት ነበረ። ጃርቶቹ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ በአሜሪካኖቹ ሬዲዮ፣ በሪያስ፣ ጉንተር ኖይማን የሚጽፉት «ኢንዙላነር» የተባለ ዝግጅት ይተላለፍ ነበር። በምሥራቁ ላይ የሚቀልድ ዝግጅት ነው። ሬዲዮ ደግሞ ድንበር አያውቅም። ምሥራቅ በርሊን ያለው ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ይሰማዋል። ስለዚህ መንግሥት የራሱን ሳቅ ፈለገ። ወደ ምዕራብ የሚተኩስ ሳቅ። ዲስተል የተባለው ተክል ኮሸሽላ ነው። በጃርት አንጻር ኮሸሽላ ተተከለ።

የመጀመሪያው ዝግጅት ርዕስ «ሆሬ! ቀልድም በዕቅድ ተይዟል!» የሚል ነበር። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከጫማ እስከ ድንጋይ ከሰል ሁሉ ነገር በዕቅድ የሚመራበት አገር ነው። ዕቅድ ማለት የተቀደሰ ቃል ነው። ገና በሩ ሲከፈት፣ ገና በመጀመሪያው ፖስተር፣ ቀልዱ ወደ ምዕራብ ሳይሆን ወደ ዕቅድ ኮሚሽኑ ዞረ። የመጀመሪያው ኃላፊ ኤሪሽ ብሬም ነበሩ። እሳቸውም ጓደኞቻቸውም የሥርዓቱ ጠላቶች አልነበሩም። ግን ቀልደኞች ነበሩ። ቀልደኛ ሰው ደግሞ በቅርብ ያለውን ነገር ትቶ በሩቁ ብቻ ቀልድ ቢባል አይሆንለትም።

የነበረበትን ቦታም ላንሳ። ፍሪድሪሽ ሽትራሰ 101፣ አድሚራልስፓላስት የሚባለው ትልቅ ሕንፃ ነው። በኤፕሪል 1946 በሶቪየት ቀጣና የነበሩት ኮሚኒስቶችና ሶሻል ዴሞክራቶች ተዋህደው አገሪቱን እስከ መጨረሻው የገዛውን ፓርቲ የመሠረቱት በዚሁ ሕንፃ ውስጥ ነው። ፓርቲው በተወለደበት ግቢ ከሰባት ዓመት በኋላ በፓርቲው የሚሳቅበት ቤት ተከፈተ። አዳራሹ ወደ አራት መቶ ሰው ይይዛል። ብዙ አይደለም።

ጎኑ የፍሪድሪሽ ሽትራሰ ባቡር ጣቢያ ነው። የሙያዬ ነገር ሆኖብኝ እሱን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ጣቢያው ሙሉ በሙሉ ምሥራቅ በርሊን ውስጥ ነው ያለው። ያኔ የምዕራብ በርሊን ባቡሮች ግን ይቆሙበት ነበር። ከምዕራብ የመጣ መንገደኛ በሥር በኩል ወርዶ ሌላ ባቡር ይዞ ምሥራቅን ሳይረግጥ መመለስ ይችል ነበር። አንዱን ጣቢያ በግድግዳ ለሁለት ከፍለውት ነበር፤ በዚህኛው ወገን ያለው ያኛውን አያየውም። ባቡሩ ግን ይሰማል። በ1962 ደግሞ ወደ ምዕራብ የሚመለሱ ሰዎች የሚፈተሹበት አዳራሽ ተሠራ። ቤተሰብ እዚያ በር ላይ ስለሚለያይ ሕዝቡ የእንባ ቤተ መንግሥት አለው። ከዚያ አዳራሽ እስከ ዲስተል በር ጥቂት እርምጃ ነው። አመሻሹ ላይ አንዱ ጋ ሰው ያለቅሳል፣ እዚህኛው ጋ ሰው ሊስቅ ይሰለፋል። እኔ ይህን ዓይቻለሁ።

ጸሐፊው ተዋንያኑን ደመወዝተኞች ያሏቸው እውነት ነው። ደመወዛቸውን የሚከፍለው መንግሥት ነበር። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ሥራዎች ያነበበ ሰው ምዕራብ ጀርመንንና ቻንስለር አደናወርን የሚሳደብ ብዙ ነገር ያገኛል። አንዳንዱ ዛሬ ሲነበብ ያሳፍራል። ይህን አልክድም። ግን እነዚህ ሰዎች እነማን ነበሩ? ኦቶ ሽታርክ ከ1968 እስከ 1990 ቤቱን መሩ። የተወለዱት በ1922 ቪየና ነው። ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ ወደ እንግሊዝ ተሰደው በስደተኞች መድረክ ተጫወቱ። ከጦርነቱ በኋላ ምሥራቅ ጀርመንን መርጠው መጡ። ከሳቸው በፊት የነበሩት ጌኦርግ ሆኒግማንም ጋዜጠኛ ነበሩ፤ እሳቸውም የናዚን ዘመን ያሳለፉት እንግሊዝ ነው። ለነዚህ ሰዎች ካባሬት የመዝናኛ ቤት አልነበረም።

ከነሱ በፊት ምን እንደሆነ ያውቃሉና። ጸሐፊዋና ተዋናይቷ ኤሪካ ማን ከወንድማቸው ከክላውስና ከተዋናይቷ ከቴሬዘ ጊዘ ጋር ሙኒክ ውስጥ «ፕፌፈርሙለ» የተባለውን ካባሬት የከፈቱት ጃንዋሪ 1 ቀን 1933 ነው። የቁንዶ በርበሬ መፍጫ ማለት ነው። ወሩ ሳያልቅ ሂትለር ሥልጣን ያዘ። ተሰደዱ። በዚያው ዓመት ዙሪክ ላይ እንደገና ጀመሩ። እስከ 1936 ድረስ በአውሮፓ እየዞሩ ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ ተጫወቱ። በርሊን የቀረው «ካታኮምበ» በሜይ 1935 ተዘጋ፤ መሪው ቬርነር ፊንክም ወደ ማጎሪያ ካምፕ ተላኩ። እንግዲህ ሽታርክን የመሰለ ሰው በምሥራቅ በርሊን መድረክ ላይ ሲቆም ይህ ሁሉ ከኋላው አለ። ይህ መንግሥት የኔ ነው ብሎ ያምን ነበር። የኔ ነው ብሎ ስላመነም ነው ሲበላሽ የሚቆጨው። ደመወዝተኛ የሚለው ቃል ይህን አይነግረንም።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። አንድ ዝግጅት መድረክ እስኪደርስ ድረስ ብዙ በር አለ። መጀመሪያ ሐሳቡ ይቀርባል። ከዚያ ጽሑፉ ይቀርባል። ይነበባል፣ ይሰመርበታል፣ ይመለሳል። በመጨረሻም ከመከፈቱ በፊት ባለሥልጣናቱ ፊት ሙሉውን ይጫወቱታል። ያን ጊዜም ሊቆረጥ ይችላል። የማይነኩ ነገሮች ነበሩ። ግንቡ አይነካም። የጸጥታው መሥሪያ ቤት፣ ሽታዚ፣ አይነካም። ሶቪየት ኅብረት አትነካም። የበላዩ ሰውዬ በስማቸው አይጠሩም። የዕቃ እጥረት፣ የመኖሪያ ቤት ወረፋ፣ ለመኪና ከአሥር ዓመት በላይ መጠበቅ፣ የትንንሽ አለቆች ትዕቢት ግን ይነካል።

ደራሲዎቹም ዝም ብለው አልተቀመጡም። በምሥራቅ ጀርመን የጥበብ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ዘዴ ነበር። እንደማያልፍ የሚያውቁትን አንድ ደፋር መስመር ሆን ብለው ጽሑፉ መሐል ያስገባሉ። ሳንሱር አድራጊው እሱን ያገኘዋል፣ ይቆርጠዋል፣ ሥራውን ሠራ። አጠገቡ ያለው፣ በእርግጥ የፈለጉት መስመር ያልፋል። ከዚያ ደግሞ ተዋናዩ አለ። በወረቀት ላይ ምንም ያልሆነች ዓረፍተ ነገር አፉ ላይ ስትደርስ ሌላ ትሆናለች። የትኛው ሳንሱር ነው ዝምታን የሚሰርዝ?

እኔ የገባሁበት ምሽት ይህንኑ ነው ያየሁት። ትኬት ማግኘት ቀላል አልነበረም። ብዙው ለፋብሪካና ለመሥሪያ ቤት ሠራተኞች በጅምላ ይሰጥ ነበር። የምለማመድበት ክፍል ሠራተኞች ትኬት ደረሳቸው፣ አንዱ ታመመ፣ ቦታው ለኔ ተሰጠ። ስለ መለዋወጫ ዕቃ እጥረት የሚያወራ ትዕይንት መጣ። እኔ ቀን ቀን ስሠራ የምውለው የባቡር ጥገና ላይ ነውና ነገሩን በደንብ አውቀዋለሁ። ተዋናዩ አንድ ዓረፍተ ነገር ጀመረ። የመጨረሻዋ ቃል ላይ ሲደርስ ቆመ። አልተናገራትም። ቆሞ ሕዝቡን አየ። አዳራሹ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ።

ከፊቴ የፓርቲውን አርማ ኮቱ ላይ የሰካ ሽማግሌ ተቀምጦ ነበር። ቀድሞ የሳቀው እሱ ነው። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ተከተለ።

እኔም ሳቅሁ፤ ግን አፌን በእጄ ይዤ ነው የሳቅሁት። ምክንያቱ ጀርመኖቹ አይደሉም። በዚያን ጊዜ ምሥራቅ ጀርመን ብዙ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ነበርን። በ1979 የምሥራቅ ጀርመኑ መሪ ሆነከርና መንግሥቱ አዲስ አበባ ላይ የወዳጅነት ውል ከተፈራረሙ በኋላ ቁጥራችን ጨምሯል። በየሳምንቱ ስብሰባ ነበረን። ማን ምን አለ፣ ማን ከማን ጋር ታየ የሚለው ወሬ አገር ቤት ይደርሳል ይባል ነበር። እውነቱን ማንም አያውቅም፤ ግን ሁላችንም እንጠነቀቅ ነበር። ያን ምሽት ሌላ ሐበሻ አዳራሹ ውስጥ አለ ወይ ብዬ ዞር ዞር ብያለሁ። ያ ሽማግሌ ግን የራሱ ፓርቲ ላይ፣ በራሱ ፓርቲ አዳራሽ ውስጥ፣ አርማውን ሳያወልቅ ሳቀ። ማንም አልነካውም። ይህ ለኔ ትልቅ ነገር ነበር። ዛሬም ትልቅ ነው። «ፓርቲው እንዲተነፍሱ ፈቀደላቸው» የሚለው አባባል የሚያስቆጣኝ ለዚህ ነው። የፈቀደውስ ይፍቀድ፤ ያ ሰውዬ ሲስቅ ግን የሳቀው እሱ ራሱ ነው።

ጸሐፊው ነገሩን «የጀርመኖች ሰምና ወርቅ» ብለው ጠርተውታል። ለአንባቢ ቅርብ እንዲሆን አስበው እንደሆነ ይገባኛል። ግን አይመስለኝም። ቅኔ ላይ ወርቁ ይደበቃል፤ ፈልፍሎ ያገኘው ሰው ይደሰታል፣ ያላገኘው ሰሙን ይዞ ይሄዳል። ዲስተል ውስጥ ግን የተደበቀ ነገር አልነበረም። ወርቁን ተዋናዩም ያውቀዋል፣ ተመልካቹም ያውቀዋል፣ የቆረጠው ባለሥልጣንም ያውቀዋል። ሁሉም እቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ የሚያወራው ነው። አዲስ ነገሩ ሌላ ነው። አራት መቶ የማይተዋወቅ ሰው በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ቦታ፣ እኔም እንደዚህ አስባለሁ ብሎ በድምፅ ይናገራል። አጠገብህ ያለው ሰው ምን እንደሚያስብ በማታውቅበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ ምዕራቡም ተሻግሬ አይቻለሁ። እኛ የውጭ ተማሪዎች ፓስፖርታችንን ይዘን ምዕራብ በርሊን መሻገር የምንችልበት ጊዜ ነበር። ጀርመን ጓደኞቻችን አይችሉም፤ እሱ ራሱ በመካከላችን የሚነሳ ሐሳብ አልነበረም፣ ሁላችንም ዝም እንላለን። «ጃርቶቹ» ከ1965 ጀምሮ የነበሩት ኦይሮፓ ሴንተር በሚባለው የገበያ ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ጎበዞች ነበሩ። የምዕራብ ጀርመኑን ቻንስለር ኮልን በስማቸው ይጠራሉ፣ ይኮርጃሉ፣ ያብጠለጥላሉ። ሰውም ከልቡ ይስቃል። ማንም ማንንም ዞሮ አያይም። ነፃነት ይህ ነው፣ እኔም ለልጆቼ የምመኘው ይህንን ነው። ሆኖም ከዚያ ስወጣ የጨዋታውን ግማሽ ረስቼዋለሁ። የዲስተሏን ያልተነገረች ቃል ግን አልረሳኋትም።

አሁን ደግሞ ጽሑፋችሁ ላይ በጣም ያዘንኩበት ነገር። ስለ ምሥራቅ ጀርመን ቀልድ ሲጻፍ የታሰሩት ሰዎች አልተነሱም። ላይፕሲሽ ውስጥ በዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች የተቋቋመ «የፌዘኞች ሸንጎ» የሚባል ካባሬት ነበረ። የሚመሩት ፔተር ዞዳን ነበሩ። በ1961፣ ግንቡ በተሠራ ማግስት፣ አዲሱ ዝግጅታቸው ታገደ። ቡድኑ ፈረሰ። ዞዳንና ኤርንስት ሬልን ጨምሮ አባላቱ ታሰሩ። ዞዳን ዘጠኝ ወር ያህል እስር ቤት ቆዩ። ከዚያ በኋላም ሕይወታቸውን ከዜሮ ጀመሩ። በኋላ ትልቅ ተዋናይና የቴአትር መሪ ሆኑ፣ በተባበረችው ጀርመን በቴሌቪዥን የፖሊስ መርማሪ ሆነው መላው አገር አወቃቸው። በ2009ም ለአገሪቱ ፕሬዚዳንትነት በዕጩነት ቀረቡ። በ2024 አርፈዋል።

ልብ በሉ፤ እነዚያ ተማሪዎች በታሰሩበት ዓመት ዲስተል በሩ ክፍት ነበር፣ ይጫወት ነበር። ሁለቱንም ጎን ለጎን ሳናስቀምጥ ታሪኩን መናገር አንችልም። መንግሥት ፈቃድ በሰጠው መድረክ ላይ ሰው ይስቃል፤ በዚያው ሰዓት ፈቃድ የሌለው ልጅ ክፍል ውስጥ ተቆልፎበታል። ዲስተል የነበሩት ደራሲዎችም ይህን ያውቃሉ። እያንዳንዱን መስመር ሲጽፉ ወሰኑ የት እንደሆነ የሚነግራቸው የነዞዳን ዕጣ ነበር።

ስለ ደራሲዎቹም አንድ ነገር ልበል። ጽሑፋችሁ የአንዳቸውንም ስም አልጠራም። ፔተር ኤንዚካትና ቮልፍጋንግ ሻለር በጋራ ይጽፉ ነበር። በምሥራቅ ጀርመን ካባሬቶች መድረክ ላይ እንደነሱ ሥራው የታየ ደራሲ ጥቂት ነው። ካባሬት ደግሞ በርሊን ብቻ አልነበረም። ላይፕሲሽ፣ ሃለ፣ ማግደቡርግ፣ ፖትስዳም፣ ሁሉም የየራሳቸው ነበራቸው። ሻለር የኛው ከተማ ሰው ነበሩ፤ ድሬስደን ውስጥ በ1961 በተቋቋመው «ሄርኩለስኮይለ» ነው የሠሩት። ድሬስደን ያለችው ሸለቆ ውስጥ ነው። የምዕራቡ ቴሌቪዥን አይደርሳትም ነበር። በሌላው ከተማ ማታ ማታ የምዕራብ ዜና ይታያል፣ ድሬስደን ግን የለም። ሕዝቡ «ምንም የማያውቁ ሰዎች ሸለቆ» ይላት ነበር። እንዲህ ባለ ከተማ ሰው እውነት ሲርበው ወዴት ይሂድ? የካባሬቱ በር ላይ ይሰለፋል። ጓደኞቼ የሰሙትን ይዘው መኝታ ክፍል ይመጡና ይደግሙታል። እኔ ጀርመንኛዬን ያሻሻልኩት ከመማሪያ መጽሐፉ ይልቅ በዚያ ነው።

በ1988 ነገሩ ከረረ። ሞስኮ ላይ ጎርባቾቭ በሩን እየከፈቱ ነው፣ በርሊን ደግሞ እየዘጋች ነው። በኖቬምበር «ስፑትኒክ» የተባለው የሶቪየት መጽሔት እንኳ ከሥርጭት ወጣ። የወዳጅ አገር መጽሔት! በዚያው ዓመት የዲስተል አዲስ ዝግጅት ታገደ። ርዕሱ «ለአካለ መጠን ደርሰናል ብላችሁ አታመካኙ» እንደ ማለት ነው። ሕዝቡ እንደ ልጅ መያዙ በቃኝ ባለበት ሰዓት የተጻፈ ነው። የፓርቲው ደመወዝተኞች ቢሆኑ ኖሮ ፓርቲው ምን አስፈርቶት ያግዳቸዋል? እኔ ያን ጊዜ ትምህርቴን ጨርሼ ተመልሻለሁ። ወሬውን የሰማሁት ከድሬስደን በመጣ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤ እንደሚከፈት ስለምናውቅ ጓደኛዬ የጻፈልኝ «በርሊን ያለው ቤት ዘንድሮ አዲስ ነገር አያሳይም» ብሎ ብቻ ነበር። ገባኝ።

በቀጣዩ ዓመት በኖቬምበር ግንቡ ተከፈተ። ከ1990 በኋላ ቤቱ የግል ድርጅት ሆነ። ከባድ ጊዜ ነበር። ትናንት መድረክ ላይ በሹክሹክታ የሚባለው ነገር አሁን በየጋዜጣው የፊት ገጽ ላይ ይጮሃል። ተመልካቹም የሥራ ማጣት ጭንቀት ይዞታል። ከነበሩት ካባሬቶች ብዙዎቹ እንዴት እንደቆሙ ራሱ ይገርመኛል።

አሁን ከሁሉም የሚከብደኝን ልንገራችሁ። ከ1990 ጀምሮ ዲስተልን የመሩት ጊዘላ ኦሼልሆይዘር ነበሩ። በላይፕሲሽ ከታወቁት የካባሬት ሰዎች አንዷ ነበሩ። በ1999 ድሮ ለሽታዚ መረጃ ያቀብሉ እንደነበር ታወቀ። ከኃላፊነታቸው ለቀቁ። ቦታቸውን ኤንዚካት ተረከቡ፤ እስከ 2004 መሩ፤ በ2013 አረፉ። ይህን ስሰማ በጣም ነው ያዘንኩት። በአዳራሹ ውስጥ አብሮን የሳቀ ሰው ማታ ሪፖርት ሊጽፍ ይችል ነበር ማለት ነው። እኛም አገር ልጅ ፈርተን አፋችንን የያዝነው ያለ ምክንያት አልነበረም። ጽሑፋችሁ ዲስተልን መውቀስ ከፈለገ መውቀስ የነበረበት እዚህ ላይ ነው። ይህንን ግን አላነሳውም። ሰው በመንግሥት ደመወዝ መኖሩን ኃጢአት አድርጎ፣ ሰው ሰውን አሳልፎ መስጠቱን ዘለለው። ይህ ሚዛን ልክ አይደለም።

እኔ ኤንዚካትንና ሻለርን አከብራለሁ። በየመስመሩ ተከራክረው፣ ግማሹን ተሸንፈው፣ ግማሹን አሳልፈው ሕዝባቸው ጋ የደረሱ ሰዎች ናቸው። ዞዳንንም አከብራለሁ። የሁለቱን ዋጋ አንድ ነው አልልም፤ የታሰረው ከፍሏል። ግን አንዱን ለማንሳት ሌላውን መጣል አያስፈልግም። እዚህ አገርም ዛሬ መድረክ ላይ ወጥተው ፖለቲካ የሚነኩ ወጣቶች አሉ። አንዱ የመንግሥት አፍ ይላቸዋል፣ ሌላው ከሃዲ ይላቸዋል። የናንተን ጽሑፍ የሚያነቡት እነሱ ናቸው። ለነሱ ሲባል ታሪኩ ሙሉ ሆኖ ቢቀርብላቸው እወዳለሁ።

የምጠይቀው ይህንን ነው። በሚቀጥለው እትም የተከፈተበትን ዓመት 1953 ብላችሁ አስተካክሉ። የላይፕሲሽ ተማሪዎችን እስር ጨምሩበት። ዲስተል ዛሬም በዚያው አድራሻ እየተጫወተ መሆኑን ጻፉ፤ ጽሑፋችሁን ያነበበ ሰው ከግንቡ ጋር የፈረሰ ይመስለዋል። ከዚያ ደግሞ አንድ ሥራ ጀምሩ። ምሥራቅ ጀርመን የተማርን ሰዎች አዲስ አበባም፣ ድሬዳዋም፣ በርሊንም አለን። ሐኪም አለ፣ መሐንዲስ አለ፣ አታሚ አለ። አብዛኞቻችን አርጅተናል። እነዚያን መድረኮች በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ምን እንዳዩ ሰብስባችሁ አትሙ። እኔ ከዚያ ምሽት ያስቀረሁት የዝግጅቱ መርሐ ግብር ወረቀት አለኝ። የተዋንያኑና የደራሲዎቹ ስም አለበት። ከፈለጋችሁት ፎቶ አንስቼ እልክላችኋለሁ፤ ጀርመንኛውንም እኔው እተረጉመዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የባቡር መሐንዲስ
ከዚራ፣ ድሬዳዋ